የስፔሻሊስቱ ፊርማ

በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀደው ለእናትየው ከባድ አደጋ ሲሆን ብቻ ነበር፤ ያውም አንድ ሐኪም ጽፎ፣ ሁለተኛ ስፔሻሊስት ሐኪም ሲስማማበት። የእኔ ሥራ ሶፍትዌር ነው፤ ሁለት ማረጋገጫ የሚጠይቅ አሠራር ደስ ይለኛል። ግን ሊበን ውስጥ፣ ከቡሬ ወይ ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ያለች የገጠር ሴት ስፔሻሊስት ከየት ታምጣ? የቀራት መንገድ ድብቁ ነበር፤ ስንቷ ሞተችበት።

የኢትዮጵያ የጽንስና ማሕፀን ሐኪሞች ማህበር ይህን ጉዳት ከየሆስፒታሉ አጥንቶ፣ ሕጉ ሲሻሻል ተሟገተ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ተደፍራ ላረገዘች ሴት ቃሏ ብቻ ይበቃል አለ። በ1998 የወጣው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ደግሞ አገልግሎቱን ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና አዋላጆችም እንዲሰጡ ፈቀደ።

የሙያ ማህበር የሚቆመው ለአባላቱ ጥቅም ነው እንላለን። እዚህ ግን ስፔሻሊስቶቹ የተሟገቱለት ሕግ የራሳቸውን ፊርማ ነው ያስቀረው።