«የእግር ቁልፍ» ይቅርብን

ሰሞኑን በትግል ቪዲዮዎች ግርጌ «የእግር ቁልፍ» የሚል ጽሑፍ በዝቷል። አንዳንዱማ ይባስ ብሎ «የተረከዝ መንጠቆ» ይላል። የመጀመሪያው ልብስ ሰፊ ቤት የተረሳ ነገር ይመስላል፤ ሁለተኛው ሥጋ ቤት የሚሰቀል። የእንግሊዝኛውን ሎክ በቁልፍ፣ ሁክን በመንጠቆ መለወጥ የዕቃ ልውውጥ እንጂ ትርጉም አይደለም። ቃሉ ገና ትኩስ ሳለ ካልተቃወምነው ነገ አሰልጣኙም ተማሪውም ይለምደዋል፤ የለመደ አፍ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

ነገሩን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በጁጂትሱ፣ በሳምቦና በመሳሰሉት ትግሎች ተጋጣሚዎቹ መሬት ከወረዱ በኋላ አንዱ የሌላውን እግር ይይዝና መገጣጠሚያውን ከተፈጥሮ ልኩ ሊያሳልፈው ይታገላል። የተያዘው መላ ሲያጣ በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ ጨዋታው አለቀ። በነገራችን ላይ፣ ይህንን ስፖርት «የማስገዛት ትግል» የሚሉት ሰዎች አሉ። አማርኛ «እጅ ሰጠ» የሚል ከጦር ሜዳ የመጣ አነጋገር እያለው፣ እዚህም ሽንፈት የሚነገረው በእጅ ሆኖ ሳለ፣ ገዢና ተገዢ ውስጥ ምን አስገባን? እኔ «እጅ ማሰጫ ትግል» ብዬ አልፌዋለሁ።

ወደ ቁልፋችን እንመለስ። «ቆለፈ» የሚለው ግስ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ስሙ ነው። ቁልፍ የሸሚዝም ነው፣ የበርም ነው፤ ከዚያም አልፈን «ቁልፍ ሰው»፣ «ቁልፍ ጉዳይ» እያልን ቅጽል አድርገነዋል። «የእግር ቁልፍ ቴክኒክ» ሲባል ዋነኛው የእግር ቴክኒክ ይሁን ሌላ በምን ይታወቃል? ከሁሉ የከፋው ግን ቁልፍ አንዴ ቀጭ ብሎ የሚያልቅ ሥራ ማስመሰሉ ነው። እግር ላይ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው።

ቀረብ ብለን እንየው። ያዡ መሬት ተቀምጦ የተጋጣሚውን አንድ እግር በሁለት እግሮቹ መሃል ያስገባል። ጉልበቶቹን ከተጋጣሚው ጉልበት ከፍ ብሎ ታፋው ላይ ግጥም አድርጎ ይዘጋል፤ በእግሩ ዳሌውን ይገታል። እጁ እስካሁን ምንም አልሠራም። ተጋጣሚው ግን ዳሌው ስለተያዘ መነሣትም መሸሽም አቅቶታል። የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ሁለተኛው ቀጥሎ ይመጣል፦ የተጋጣሚውን የእግር ጣቶች ብብቱ ሥር ይሸጉጣል፣ ተረከዙን በክንዱ መታጠፊያ ያነሣል፣ እጆቹን ያቆላልፍና መላ ደረቱን ቀስ ብሎ ያዞራል። ጀማሪ የመጀመሪያውን ትቶ ወደ ሁለተኛው ይሮጣል። ታፋው ስላልተያዘ እግሩ መሾለክ ይጀምራል፤ እሱም የሚያመልጠውን እግር ለማስቀረት በድንገት መንጭቆ ያዞረዋል። ብዙ ጅማት የሚበጠሰው በዚህች ቅጽበት ነው።

እንግዲህ ሁለት ስም ያስፈልገናል። ለመጀመሪያው ሥራ «እግር ብረት» የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ። የቆየና የጠራ ቃል ነው፤ ነገር ግን እግር ብረት የሚገባው ታሳሪው ብቻ ነው፣ አሳሪው እንደ ልቡ ይሄዳል። «ጠለፋ»ም ተወዳዳሪ ነበር፤ ሆኖም የቆመን ሰው መጣያ ሆኖ ኳስ ሜዳ ላይ ሥራ ይዟል፣ ሌላው ትርጉሙ ደግሞ ለስፖርት የሚሆን አይደለም። «ቁልፍልፍ» ሐሳቡን ይነካል፤ ሲጠሩት ግን ምላስ ያቆላልፋል።

የእኔ ምርጫ «ቁራኛ» ነው። ቆረኘ ማለት አንዱን ከሌላው ጋር አሰረ ማለት ነው። በድሮው ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ነገሩ እስኪቆረጥ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይውሉ ነበር። ተበዳሪው አያመልጥም፤ አበዳሪውም ብቻውን ገበያ አይወጣም። ምንጣፉ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። እግርህ በእግሬ መሃል ካለ የእኔም በአንተ መሃል አለ፤ ያዡ ሲዘናጋ ራሱ ተይዞ የሚገኘው ለዚህ ነው። ይህን የጋራ መታሰር ቁልፍም እግር ብረትም አይናገሩትም።

ጃፓኖችም ከዚህ አልራቁም። «አሺ ጋራሚ» ይሉታል፤ አሺ እግር ነው፣ ጋራሚ መጠላለፍ። ጁዶ ዛሬ በውድድር ላይ ከክርን በቀር ሌላ መገጣጠሚያ እንዲጠቃ አይፈቅድም፤ ስሙ ግን ተርፎ በጁጂትሱ ሰዎች አፍ ይኖራል። የብራዚል ጁጂትሱም ለብዙ ዓመታት እግር መያዝን በንቀት ያየው ነበር። አሜሪካዊው ዲን ሊስተር «የሰውን አካል ግማሹን ለምን ትተዋለህ?» ሲል በኒውዚላንድ ያደገውን አሰልጣኝ ጆን ዳናኸርን መጠየቁ በስፖርቱ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ወግ ነው። ዳናኸር ጥያቄውን ይዞ ኒው ዮርክ ውስጥ እነ ኤዲ ከሚንግስን፣ ጋሪ ቶነንንና ጎርደን ራያንን አሠለጠነበት። ትልቁ ትምህርቱም ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ማቆራኘት፣ መጠምዘዝ በኋላ። እ.ኤ.አ. በ1998 አቡ ዳቢ ላይ በተጀመረው ኤዲሲሲ የሚባል ውድድር የእነዚህ ልጆች የእግር ሥራ ጨዋታውን ለውጦታል።

«ቁራኛ ጨለማ ቃል ነው፤ የአልጋ ቁራኛን ያስታውሳል» የሚለኝ አይጠፋም። ያስታውስ! የሚያስጠነቅቅ ቃል ምን ይወጣለታል? «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ»ም ከዚሁ ወገን ነው፤ ይህን ትግል የሚለማመድ ሰው የጓደኛውን ፊት በዓይነ ቁራኛ ካልጠበቀ ባይለማመድ ይሻላል።

ለሁለተኛው ሥራ እንግሊዝኛን መከተል ጭራሽ አያስፈልገንም፤ እንዲያውም እዚህ ላይ እንግሊዝኛው ራሱ ያሳስታል። ሂል ሁክ የሚባለው አያያዝ ስሙን ያገኘው ከተረከዝ ነው። ተረከዙ ግን እጀታ ነው። አደጋው በዋናነት የሚደርሰው ጉልበት ላይ፣ ከፊትም ከጎንም በሚይዙት ጅማቶች ላይ ነው። ስሙን ሰምቶ ተረከዙን እስኪያመው የሚጠብቅ ጀማሪ ጉልበቱን ይከፍላል፤ በጥምዘዛ ጊዜ ሕመሙ ከጉዳቱ ቀድሞ አይደርስምና። ስለዚህ «ጉልበት ጥምዘዛ» እንበለው። ጉልበት ኀይልም ነው የሚል ካለ፣ ጉልበቱ የተጠመዘዘበት ሰው ሁለቱንም ያጣል። እግርን ዘርግቶ ጉልበትን ወደማይታጠፍበት የሚያጥፈው ኒባር «ጉልበት ቅልበሳ» ቢባል ይበቃዋል። የእግርን መዳፍ በብብት ይዞ ቁርጭምጭሚትን የሚወጥረው ደግሞ «ቁርጭምጭሚት ልጠጣ» ይሁን፤ ከሁሉም የዋሁ እሱ ነው። ተራ ወለምታ ቢያመጣ ወጌሻ በቅቤ ያሸዋል። የጉልበት ጅማት ግን እንደ አፍ ወለምታ ነው፤ በቅቤ አይታሽም።

ሕጉም ይህን ልዩነት ያውቃል። ትልቁ የጁጂትሱ ፌዴሬሽን አይቢጄጄኤፍ ቁርጭምጭሚት ልጠጣን ነጭ ቀበቶ ላሠሩ አዋቂዎችም ሲፈቅድ፣ ጉልበት ጥምዘዛን ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የፈቀደው ያለ ኪሞኖ ለሚጋጠሙ ቡኒና ጥቁር ቀበቶ አዋቂዎች ብቻ ነው። ከመፍቀድ በላይ ከባዱ መልቀቅ ነው። ብራዚላዊው ሩዚማር ፓልሃሬስ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጋጣሚው እጅ ከሰጠ በኋላ እግሩን አልለቅ በማለቱ ዩኤፍሲ ከሚባለው የፍልሚያ ድርጅት ተባሯል።

አሰልጣኞች፣ እባካችሁ ቃሉን ከሥርዓቱ ጋር አስተምሩ። ጀማሪዎች ለጊዜው ቁራኛውን ብቻ ይለማመዱ፤ ይያዙ፣ ይቁሙ፣ ይፍቱ። ጥምዘዛው ሲመጣም ጠምዛዡ ቀስ ይበል፤ የተያዘውም ሕመም ሳይጠብቅ፣ ማምለጫ እንደሌለው ባወቀባት ደቂቃ እጅ ይስጥ። እጁ ከታሰረ በአፉ ይናገር፤ «ፍታ» ማለት ነውር የለውም።

አንድ የቀረኝ አለ። አጥንትን ከጉልበት ጀርባ አስገብቶ ባትን የሚጨፈልቀው አያያዝ እስካሁን የሚረባ የአማርኛ ስም አላገኘሁለትም፤ «ባት ጭፍለቃ» ብዬ ሞክሬው ለጆሮዬ አልጣመኝም። የተሻለ ያላችሁ ላኩልን።