የአምቡሊ ጓሮዎች፦ የጅቡቲ ከተማ አትክልተኛ ዓመትና ታሪኩ

የኢትዮጵያንና የጅቡቲን የምድር ባቡር ታሪክ ለዕጩ መምህራን በማስተምርበት ጊዜ አንዲት ሠልጣኝ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ባቡሩ ከመግባቱ በፊት የጅቡቲ ሰው ሽንኩርትና ቲማቲም ከየት ያገኝ ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስለ ሐዲዱ ውልና ስለ ኩባንያው ካስተማርኩት ይልቅ ወደ ሕዝቡ ኑሮ የቀረበው የልጅቷ ጥያቄ ነበር። በዚያን ዕለት የሰጠኋት መልስ አጭርና ያልተሟላ ስለነበረ ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ይሁናት።

መልሱ የሚገኘው በጓሮ ውስጥ ነው። አትክልተኛ መቼ እንደሚቆፍር፣ መቼ እንደሚተክል፣ ከየት ቀድቶ እንደሚያጠጣ ስንጠይቅ የጅቡቲ ከተማ ለምን በዚያ ቦታ እንደ ቆመች፣ ማን እንደ ሰፈረባት፣ መቼ እንደ ጠገበችና መቼ እንደ ተራበች አብረን እናገኛለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ወራቱን ግን አንባቢ ከአገሩ የእርሻ ወቅት ጋር እንዲያነጻጽራቸው በእኛ ስም ጠርቻቸዋለሁ።

የከተማዋ መሬትና ውሃ

ፈረንሳይ በአካባቢው እግሯን የተከለችው በመጀመሪያ በኦቦክ ነበር። ቦታውን በ1862 በ10 ሺህ ጠገራ ብር ገዛች። ይሁን እንጂ ኦቦክ ለመርከብም ሆነ ወደ ሐረር ለሚወጣው ሲራራ ነጋዴ የተመቸ አልሆነም። ስለሆነም በአገረ ገዥው በሌኦንስ ላጋርድ ዘመን አስተዳደሩ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ በ1888 ጅቡቲን መቆርቆር ጀመረ። አዲሱ ቦታ ከነፋስ የተጠለለ ወደብ ነበረው፤ ወደ ሐረር የሚወስደውም መንገድ ቀና ነበር። ከሁሉም በላይ በአቅራቢያው አምቡሊ የሚባል ደረቅ ወንዝ ነበረ፤ ከአሸዋው በታችም የሚጠጣ ውሃ ይገኝ ነበር።

ከተማዋ ራሷ የተሠራችው ሴርፓን፣ ማራቡና ኤሮን እየተባሉ በሚጠሩ ከባሕር ጥቂት ከፍ ባሉ የኮራል ድንጋይ ጉብታዎች ላይ ነው። በእነዚህ ጉብታዎች ላይ አንድ ሥር ለመትከል እንኳ አፈሩ ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ ከ150 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ እንደምታገኝ እናስታውስ። ስለዚህ በጅቡቲ ጓሮ ማለት ዝናብን ጠብቆ የሚለማ መሬት ሳይሆን ሰው በባልዲ ሕይወት የሚሰጠው መሬት ነው።

ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ በአምቡሊ ዳር ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ቢታይም ከአሸዋው በታች ውሃ ይሰርጋል። በዚያ ጉድጓድ ቆፍረው አትክልት ካለሙት መካከል ዋነኞቹ ከባሕር ማዶ፣ ከየመን፣ የመጡ ሰዎች ናቸው። የተምር ዛፍ አቆሙ፤ በጥላው ሥር ሎሚና ዘይቱን፣ ከዚያም በታች ቲማቲም፣ ደበርጃን፣ ባሚያና ሰላጣ አለሙ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአምቡሊ አትክልት ቦታዎች በፖስታ ካርድ ላይ እየታተሙ በመርከብ ለሚያልፈው መንገደኛ ይሸጡ ነበር። ለከተማዋ የሚጠጣውም ውሃ ከዚያው ከአምቡሊ ይመጣ ነበር። ጓሮውና ከተማው ከአንድ ጉድጓድ መጠጣታቸውን አንባቢ ልብ እንዲለው እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የአትክልተኛው ዓመት

ጅቡቲ በኖርኩበት ጊዜ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር። በደጋ ያደግሁ ሰው ነኝና ሰኔ ሲገባ በተከራየሁት ቤት ግቢ አንዲት መደብ ቆፍሬ ጎመን ዘራሁ። መደቧንም እንደ አገሬ ልማድ ከመሬት ከፍ አደረግኋት። በቀለ፤ በሳምንቱ ግን በእሳት እንደ ተለበለበ ሆኖ አገኘሁት። ጎረቤቴ የነበሩት ሽማግሌ አባታቸው የመን የተወለዱ፣ እርሳቸው ግን ድሬዳዋ ያደጉ የአምቡሊ አትክልተኛ ነበሩ። አይተው ሳቁና «አስተማሪ፣ መሬቱ አሁን ተኝቷል። እናንተ በጋ የምትሉት ሲመጣ ቀስቅሰው» አሉኝ። «አባባ፣ ታዲያ መደቡስ?» ብላቸው «ጉድጓድ አድርገው እንጂ! ውሃውን ለማን ልታፈሰው ነው?» ሲሉ መለሱልኝ።

በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የጅቡቲ የአትክልት ዘዴ ተጠቃልሏል። በደጋ አገር መደብ ከፍ የሚደረገው የዝናቡ ውሃ እንዳያሰጥመው ነው። በጅቡቲ ደግሞ መደቡ ዝቅ ብሎ በዙሪያው ትንሽ ግንብ የመሰለ አፈር ይደረግለታል፤ የፈሰሰው ጠብታ ሁሉ ወደ ሥሩ እንዲወርድ ነው።

የሥራው ዓመት የሚከፈተው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ትኩሳቱ ሲሰበር ነው። አትክልተኛው የደረቀውን ግንድ ይነቅላል፤ መሬቱን ይቆፍራል፤ የፍየል በጠጥ ከወንዝ ዳር አፈር ጋር ያደባልቃል። ዘሩንም በጥላ ሥር በአንድ ጥግ ያፈላል። በኅዳር ችግኙ ይዛወራል፤ የሚዛወረውም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያርፍ። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ማጠጣት፣ መኮትኮትና ማረም የየዕለቱ ሥራ ይሆናል። በታኅሣሥ ለቲማቲሙ ድጋፍ ይቆምለታል። በጥርና በየካቲት ሰላጣው፣ ቀይ ሥሩ፣ ቲማቲሙ ይለቀማል። ከባሕር የሚመጣው እርጥበት ቅጠሉን በተባይ እንዳያስበላው በየማለዳው ቅጠል እየገለበጡ ማየት ያስፈልጋል።

በዚሁ ወራት የተምር ዛፍ ያብባል። ተምር ወንዱ ለብቻ ሴቷ ለብቻ የምትበቅል ዛፍ ስለሆነች አትክልተኛው ግንዱን ወጥቶ የወንዱን አበባ ዘለላ በሴቷ አበባ መካከል ያስራል። ይህ ሥራ በጥንታዊቷ መስጴጦምያ ከክርስቶስ ልደት በፊት ይሠራበት የነበረ ነው። የሥነ ሕይወት መምህር ስለ ተራክቦ አበባ ሲያስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

መጋቢትና ሚያዝያ የመሰናበቻ ወራት ናቸው። የተመረጠው ፍሬ ለዘር ይቀመጣል፤ መሬቱ ደረቅ ቅጠል ይለብሳል። ከግንቦት ጀምሮ ሙቀቱ ይበረታል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ኻምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ በኩል አቧራ ይዞ ይነፍሳል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያን ጊዜ የሚጠበቀው ዛፍ ብቻ ነው። ውሃ የሚጠጣው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ለቀሩት ጥቂት ባሚያዎች የዘንባባ ዝንጣፊ ዳስ ይሠራላቸዋል። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ተምሩ ይበስላል።

ባቡሩ ያመጣው ለውጥ

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ በፊት የጅቡቲ ሰው ከአምቡሊ ጓሮ፣ ከየመን በጀልባ ከሚመጣውና ግመል ከሐረር በኩል ከሚያወርደው የተገኘውን ይበላ ነበር። የሠልጣኟ ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ግመል ግን ለቲማቲም አይሆንም፤ ቀናቱ ብዙ ናቸው። ባቡሩ የሐረርጌን ደጋ ከጅቡቲ ገበያ ጋር ሲያገናኝ ድንች፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬ ሳይበላሽ መድረስ ቻለ። የአምቡሊው አትክልተኛም ከደጋው ገበሬ ጋር በድንች መፎካከር ስለማያዋጣው ጥቅሙ ያለው ተቀጥፎ በዚያው ዕለት በሚበላው ቅጠላ ቅጠልና በተምሩ ላይ ነበር።

ነገር ግን ከሩቅ የሚመጣ ምግብ መንገዱ ሲዘጋ ይቀራል። ይህ በጅቡቲ ሁለት ጊዜ ታይቷል። የመጀመሪያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ፈረንሳይ በ1940 ስትሸነፍ የጅቡቲ አስተዳደር ለቪሺ መንግሥት ታማኝ ሆነ። በ1941 ጣልያን ከኢትዮጵያ ከተባረረ በኋላ የብሪታንያ ኃይል ከተማዋን በባሕርም በየብስም ከበባት። እገዳው እስከ 1942 መጨረሻ ቆየ። ሕዝቡ ተራበ፤ ብዙዎች ሸሹ። ያን ጊዜ የአገሬው ሰው የጠራው ለከብት ይሰጥ በነበረ፣ በረሃቡ ግን ሰው በበላው የማሽላ ዓይነት ስም ነው።

ሁለተኛው በ1977 ነው። ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን (ጁን 27) ነጻነቷን ባወጀችበት ዓመት በኦጋዴን ጦርነት ምክንያት የባቡሩ ድልድዮች ፈርሰው መሥመሩ ተቋረጠ፤ ባቡሩ እንደገና መሄድ የጀመረው በ1978 ነው። አዲሲቱ አገር የተወለደችው ዋናው የምግብና የገቢ መንገዷ በተዘጋበት ወቅት ነበር።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንዳናታልል ያስፈልጋል። የአምቡሊ ጓሮ በ1942 ከተማዋን ከረሃብ አላዳነም፤ ሊያድናትም አይችልም ነበር። ጥቂት ሄክታር ቲማቲምና ተምር እህልን አይተካም። የጓሮ ጥቅም ሌላ ነው። ቅጠል፣ ሎሚና ጥላ ይሰጣል፤ ለአትክልተኛው ቤተሰብ የዕለት ገቢ ይሆናል፤ ዘርንና ዕውቀትን ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ያሻግራል።

ጨውና ጎርፍ

ከፍ ብለን ጓሮውና ከተማው ከአንድ ጉድጓድ ይጠጣሉ ብለን ነበር። ከተማዋ በቤት፣ በወደብና በሕዝብ ስታድግ ከአምቡሊ ምድር የሚቀዳው ውሃ ዝናብ ከሚተካው በላይ ሆነ። በባሕር ዳር ምድር ውስጥ ጣፋጩ ውሃ ከብዶ ከተኛው የባሕር ውሃ በላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። ጣፋጩ ከመጠን በላይ ሲቀዳ ጨዋማው ወደ ላይና ወደ ውስጥ ይገባል። የአምቡሊ ጉድጓዶችም እንዲሁ ሆኑ፤ ውሃው ጨው ጨው እያለ ሄደ።

አትክልተኛው ይህን ከቅጠሉ ያነብበዋል። መጀመሪያ ባቄላና ሽንኩርት ጫፋቸው ይቃጠላል፤ ሎሚም ይታመማል። ቲማቲም ጥቂት ይታገሣል፤ ቀይ ሥር ይበልጥ ይችላል፤ ተምር ከሁሉም በላይ ይጸናል። ስለዚህ ብልሁ አትክልተኛ የሚተክለውን በውሃው ጣዕም ይመርጣል። አልፎ አልፎም በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ አፍስሶ በሥሩ ዙሪያ የተጠራቀመውን ጨው ወደ ታች ያጥበዋል። ይህ ግን ራሱ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ችግሩም ዞሮ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል።

ሌላው ጠላት ውሃው ራሱ ነው። ደረቁ ወንዝ አንዳንድ ጊዜ በድንገት ይሞላል። በ2004 በሚያዝያ ወር የአምቡሊ ጎርፍ ብዙ ሰው ገደለ፤ በ2019 በኅዳርም ከተማዋ እንደገና ተጥለቀለቀች። ለጓሮ የተመረጠው ለም የወንዝ ዳር ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወሰደው ቦታ ነው።

በ2017 ታሪኩ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል በሐዳጋላ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያደርስ የታቀደ ቧንቧ ወደ ጅቡቲ ተዘረጋ። በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕር ውሃን የሚያጣፍጥ ጣቢያ ተመረቀ። ትናንት ሽንኩርቱ ብቻ ከኢትዮጵያ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ሽንኩርቱም ውሃውም ይመጣል። በከተማዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች በቆርቆሮና በአሮጌ ጀሪካን ለሚያበቅሉት በሶብላና ጤና አዳም ዕቃ ያጠቡበትን ውሃ ሲያጠጡ አይቻለሁ። አንዷን «እትዬ፣ ይህን ከገበያ መግዛት አይቀልም?» ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ መኪናው የቀረ ዕለትስ?» አሉኝ። ስለ 1942 ያነበቡ አይመስለኝም፤ የተናገሩት ግን ያንኑ ነው።

ለመምህራንና ለተማሪዎች

ከዚህ በመነሣት በየትምህርት ቤታችን ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ። እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ ካለ አንድ አትክልተኛ ወይም ከእናቱ ዘንድ ሄዶ የዓመቱን ሥራ በየወሩ ይጻፍ። ቀጥሎም ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ፦ ይህ ዘር ከየት መጣ? ውሃው ከየት ይቀዳል፤ ዱሮስ ከየት ይቀዳ ነበር? መንገድ የተዘጋበት ወይም ዝናብ የቀረበት ዓመት ምን በላችሁ? የመጀመሪያው ስለ ሰዎች ፍልሰት፣ ሁለተኛው ስለ ተፈጥሮ ሀብት፣ ሦስተኛው ስለ ፖለቲካ ታሪክ ያስተምራል። የታሪክ፣ የጂኦግራፊና የእርሻ መምህራን በአንድነት ቢመሩት ሥራው ይበልጥ ይሠምራል።

መልሶቹን ሳይዘገዩ መጻፍ ይገባል። እኔ ለጎረቤቴ ለአምቡሊው ሽማግሌ ያልጠየቅኋቸው ብዙ ጥያቄዎች ቀርተውብኛል። ተማሪዎቻችን የየራሳቸውን ሽማግሌና አሮጊት በሕይወት ሳሉ ቢጠይቁ ያችን ሠልጣኝ የመሰለ ጠያቂ ሲነሣ ክፍሉ ከመሳቅ ይልቅ መልስ ይኖረዋል።