ከድንጋይ ወደ ድምፅ፤ የጥንታዊው የግሪክ ኪታራ እንደ ገና መነሣት

አንድ የሙዚቃ መሣሪያ የሚኖረው በሦስት ነገሮች ነው፤ በአካሉ፥ በዜማውና በሚመታው እጅ። አካሉ ከመቃብር ሊወጣ፥ ዜማው ከጽሕፈት ሊነበብ ይችላል። እጁ ግን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ካልተላለፈ ሌላ ማኖሪያ የለውም። የጥንት ግሪኮች ኪታራ በእኛ ዘመን እንደ ገና የተነሣበት ታሪክ ይህን በግልጥ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ግሪኮች ሊራንና ኪታራን ይለዩ ነበር። ሊራ ገላው የኤሊ ቅርፊት፥ ፊቱ የተወጠረ ቆዳ ሆኖ በቤትና በትምህርት ቤት የሚመታ ነበር። ኪታራ ግን ትልቅ የእንጨት ሣጥን ያለው፥ በውድድርና በበዓል አደባባይ ባለሙያዎች የሚይዙት ነበር። የሁለቱም አውታር ከአንጀት የሚፈተል ሲሆን ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ 7 ነበር። በኋላ ዘመን መሣሪያዎቹ ጠፍተው ስማቸው ብቻ ቀረ፤ ዛሬ በቀርጤስ ደሴት ሊራ የሚባለው በደጋን የሚመታ ባለ 3 አውታር መሣሪያ ነው። በእኛም ዘንድ በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት በኪታራ ፈንታ የገባው መሰንቆ የሚለው ስም፥ ዛሬ የሚያመለክተው በደጋን የሚመታውን ባለ 1 አውታር መሣሪያ ነው። ስለዚህ ስምን ብቻ ተከትሎ መሣሪያን መፈለግ ያሳስታል።

ዜማው ከመሣሪያው ቀድሞ ተገኘ። በ1893 ዓ.ም. በአቴና ያለው የፈረንሳይ የጥናት ተቋም በዴልፊ ሲቆፍር፥ ለአፖሎን የተደረሱ 2 መዝሙሮች ከነዜማ ምልክታቸው በድንጋይ ተቀርጸው አገኘ። ሁለቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ናቸው። የአንደኛው ደራሲ አቴናዮስ፥ የሁለተኛው ደግሞ ራሱ ኪታራ መቺ የነበረው ሊሜኒዮስ ነው። የአሊፒዮስ የምልክት ሠንጠረዥ ተጠብቆ ስለ ቆየ፥ ቤለርማንና ፎርትላግ የተባሉት የጀርመን ሊቃውንት በ1847 ዓ.ም. ምልክቶቹን ፈትተው ነበርና ንባቡ አላስቸገረም። ነገር ግን በ1894 ዓ.ም. ጋብርኤል ፎሬ ለመጀመሪያው መዝሙር ያዘጋጀው አጃቢ ሙዚቃ ለዘመኑ ጆሮ የተስማማ ነበር። ዜማው ተመለሰ፤ ኪታራው ግን አልተመለሰም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከደከሙት አንዷ ፈረንሳዊቷ የጥንታዊ ሙዚቃ ሊቅ አኒ ቤሊስ ናቸው። በ1990 ዓ.ም. ኬሪሎስ የተባለውን የሙዚቀኞች ቡድን አቋቋሙ፤ በ1992 ዓ.ም. የዴልፊን መዝሙሮች መርምረው አሳተሙ። የቡድናቸውም መሣሪያዎች በሸክላ ሥዕል፥ በቅርጻ ቅርጽና በመጻሕፍት ምስክርነት ተመርምረው የተሠሩ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቡድኑ ቅጂ «ከድንጋይ ወደ ድምፅ» መባሉ የሥራውን ጠባይ በአጭሩ ይገልጣል።

የቀረው የእጁ ነገር ነው። በሸክላዎቹ ሥዕል ላይ ቀኝ እጅ መምቻ ይዞ፥ የግራው ጣቶች ከአውታሮቹ በስተኋላ ተዘርግተው ይታያሉ። ሥዕል ግን አይንቀሳቀስም፤ ግራው እጅ አውታሩን ይንካው ወይስ ያፍነው አይናገርም። የእኛ ክራር መቺ በቀኙ ሁሉንም አውታር ሲጠርግ፥ በግራው የማይፈለጉትን ያፍናል፤ የተለቀቁት ብቻ ይሰማሉ። ይህ ሕያው ልማድ ለሥዕሉ አንድ ፍቺ ያቀርባል። ክራር የኪታራ ልጅ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በኡር መቃብሮች የተገኙት የዚሁ ወገን መሣሪያዎች ከዴልፊ መዝሙሮች ከ2000 ዓመት በላይ ይቀድማሉ። የእጁ አሠራር መመሳሰል ማስረዳት እንጂ የዘር ማረጋገጫ አይሆንም።

በገናችንም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የ10 አውታሮቹ ድምፅ እንዲነዝር የሚያደርገው በአውታርና በብርኩማ መካከል የሚገባው እንዝራ የተባለ ቁራሽ ቆዳ ነው። በገና ከአፈር በታች ተቀብሮ እንዝራው ቢበሰብስ፥ ከብዙ ዘመን በኋላ ቆፍሮ የሚያገኘው ሊቅ መልኩን አስተካክሎ ሠርቶ ድምፁን በስሕተት ያሰማል። የኪታራው እንዲህ ያለ ጥቃቅን ምሥጢር ስንቱ ጠፍቶ ይሆን?

እንግዲህ የባህል ተመራማሪ መሣሪያውን ለካሁ፥ ዜማውን ቀዳሁ ብሎ ሊያርፍ አይገባውም። አቃኘቱን፥ የጣቱን አነሣስና መምህሩ ተማሪውን የሚያርምበትን ቃል መቺው በሕይወት ሳለ መመዝገብ አለበት። ግሪኮች ዜማቸውን በድንጋይ ጽፈዋል፤ እጃቸውን ግን የጻፈላቸው አልተገኘም።