ከመጋዘን የማይወጡት ኮምፒውተሮች

ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ይቺን ምክር ሰምቷታል፤ «ስትወጣ ኮምፒውተርህን አጥፋ።» ምክሯ የራሷ ታሪክ አላት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1992 «ኢነርጂ ስታር» የሚባለውን መለያ ሲጀምር፣ መጀመሪያ የለጠፈው ኮምፒውተርና ሞኒተር ላይ ነበር። ላፕቶፓችሁ ትንሽ ካልነካችሁት ራሱን የሚያስተኛው ከዚያ ዘመን በመጣ ሐሳብ ነው። ለእነሱ ነገሩ ያስኬዳል። መብራታቸው በብዛት ከድንጋይ ከሰል ነበር የሚመጣው፤ ተረስቶ ያደረ ስክሪን ማለት ጭስ ማለት ነው።

ከሚሴ ላይ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ስለሆነ፣ በርቶ ያደረ ኮምፒውተር የሚያመጣው ጭስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «እንግዲያው እኛ ንጹሕ ነን» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የዚህን ከተማ የኮምፒውተር ታሪክ ሳስብ፣ ሐሳቤ የሚሄደው ቢሮዎቹ ጓሮ ወዳሉት መጋዘኖች ነው።

ታሪኩ በእኛ አቆጣጠር ወደ 1990ዎቹ አጋማሽ ይመልሰናል። ያኔ መንግሥት ሁለት ትልልቅ መረቦችን ዘረጋ። ወረዳኔት ወደ 600 የሚጠጉ ወረዳዎችን በሳተላይት ለማገናኘት የታሰበ ነበር፤ አስተዳዳሪው ከወንበሩ ሳይነሳ በስክሪን ስብሰባ እንዲገባ። ስኩልኔት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ሰቀለ። የእኔ ትውልድ ፕላዝማን መቼም አይረሳውም። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀልን የምናወራ የከሚሴ ልጆች ከሳተላይት በሚወርድ እንግሊዝኛ ፊዚክስ ተማርን። መብራት ሲሄድ አስተማሪው አፉን እንደከፈተ ይጠፋል፤ ሲመጣ ምዕራፉ አልፏል። ከዚያ ቢፒአር መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዴስክቶፕ፣ ከሥሩ ዩፒኤስ፣ ጥግ ላይ ፕሪንተር መደበኛ የቢሮ ዕቃ ሆኑ። ሲገዛ ብዙ ታስቦበታል፤ ሲሞት የት እንደሚቀበር ግን ማን ያስብ?

እዚህ ላይ የወረቀቱን ነገር ላስረዳ፣ ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው። የመንግሥት ዕቃ ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ለሠራተኛ ሲሰጥ ሞዴል 22። ከዚያ በኋላ ዕቃው ስም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ተጠያቂም አለው። ሲበላሽ ግን መውጫው እንደ መግቢያው ቀላል አይደለም። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ባለሙያ «ከጥቅም ውጪ» ይበል ይባላል፣ ዋጋ ይገመታል፣ ጨረታ ይወጣል። አንድ የንብረት ሠራተኛ የሞተ ሞኒተር አውጥቶ ቢጥል በመንግሥት ንብረት ይጠየቃል፤ አሥር ዓመት ቆልፎ ቢያስቀምጠው የሚጠይቀው የለም። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጡ ነበር? ደንቡን አልረግመውም፣ ሌባን አስቦ የተጻፈ ነው። ዋጋ አጥቶ ወደ መርዝ የሚለወጥ ንብረት ይኖራል ብሎ ግን አላሰበም።

ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅትና የጀርመኑ ኦኮ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ያገኙትም ይህንኑ ነው፤ የአገሪቱ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በብዛት በየመሥሪያ ቤቱ ተቆልፎ ተቀምጧል። ይህ፣ ለማመን ቢከብድም፣ በከፊል መልካም ዜና ነበር። ጋና አክራ ውስጥ አግቦግብሎሺ በሚባለው ሠፈር ልጆች መዳብ ለማውጣት ገመድ በእሳት ሲያቃጥሉ ዓለም በፎቶ አይቷል። እኛን ከዚያ ያዳነን የአካባቢ ፖሊሲ ሳይሆን የንብረት ክፍሉ ቁልፍ ነው። ቁልፍ ግን መፍትሔ አይደለም። አንድ ቀን መጋዘኑ ለሌላ ነገር ይፈለጋል፣ ያኔ ቁራሌው በር ላይ ነው።

በመጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። ሆዳቸው የተነፋው የድሮ ሞኒተሮች መስታወታቸው ውስጥ እርሳስ አለ፤ የምንጽፍበት ሳይሆን ብረቱ። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ማንም የማይቆጥረው የዩፒኤስ ባትሪ ነው። ክብደቱ በአብዛኛው እርሳስ ነው፣ ውስጡ አሲድ አለ፣ ሙቀት ደግሞ አይወድም፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የከሚሴን የበጋ ሙቀት የሚያውቅ ይፍረድ። ስለዚህ ደጋ ላይ ካለ ቢሮ ይልቅ እዚህ ባትሪ ቶሎ ቶሎ ይሞታል፣ ቶሎ ቶሎም ይገዛል።

ይህ ለከሚሴ ለምን የተለየ ጉዳይ ሆነ? ቦርከና ስላለ። ወንዙ ከደሴ በኩል ተነስቶ ኮምቦልቻን አልፎ ነው ወደ እኛ የሚወርደው። ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉት የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ እነዚህን ወንዞች የመረመሩ ጥናቶች ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተውባቸዋል። ከታች ደግሞ ጨፋ አለ። በበጋ፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ፣ አፋሩም ኦሮሞውም አርጎባውም አማራውም ከብቱን የሚያሰማራበት ረግረግ። የላይኛው ሰው የጣለው ነገር የታችኛው ሰው ላሞች ጋ እንደሚደርስ ለከሚሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ አንድ ቢሮ ምን ያድርግ? አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ከሚያመጣው ብክለት አብዛኛው የሚፈጠረው ገና ሲመረት፣ ሳይከፈት በፊት ነው። በውኃ ኃይል በሚሠራ አገር ደግሞ ይህ ድርሻ ይብሳል። ስለዚህ እኛ ጋ ትልቁ አረንጓዴ ሥራ ያለውን ማሽን ማስረጀት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነፃ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበሉ ደህና ደህና ኮምፒውተሮች አሁን ወደ መጋዘን ሊሄዱ ነው። ደብዳቤ ለመጻፍና ሠንጠረዥ ለመሥራት ሊኑክስ ይበቃቸዋል። ራም ተጨምሮ፣ ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ተቀይሮ ስንቱ ነፍስ ይዘራል! ይህን በግማሽ ቀን የሚሠሩ ልጆች ሞባይል ጥገና ቤቶች ውስጥ ሞልተዋል።

አዲስ መግዛት ግድ ከሆነ ላፕቶፕ ይገዛ። መብራት ሲሄድ የራሱ ባትሪ አለው፣ ዩፒኤስ የሚባለውን ዕቃ ከነእርሳሱ ከቢሮው ያስወጣዋል። የሚፈጀው ኃይልም ከዴስክቶፕ በጣም ያነሰ ነው። ያቺ የአሜሪካኖች ምክር ተመልሳ እውነት የምትሆነውም እዚህ ላይ ነው፤ ጄኔሬተር ሲነሳ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጄኔሬተሩ እያጓራ ማንም ያልተቀመጠበት ዴስክቶፕ በርቶ ካያችሁ፣ ያኔ አጥፉት።

የሞተውስ? የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ቁጥር 425፣ በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። ከዚያም በፊት አቃቂ ላይ ያረጁ ኮምፒውተሮችን የሚፈታታ ማዕከል ተቋቁሞ ነበር። ከከሚሴ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አንድ የወረዳ ቢሮ ለአሥር ሞኒተር መኪና አይከራይም። የዞኑ ቢሮዎች ግን ከባቲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ ቢተባበሩ፣ አንድ የማስወገድ ኮሚቴ አቋቁመው በዓመት አንድ ጊዜ ቢቆጥሩ፣ አንድ አይሱዙ መሙላት አያቅታቸውም። ከመጫኑ በፊት ሃርድ ዲስኮቹ ይውጡ፣ የሕዝብ መረጃ አለባቸው። ባትሪዎቹ ለብቻ፣ በፕላስቲክ ሳጥን፣ አሲዱ እንዳይፈስ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። የተሰነጠቀው ባትሪ ከሌላው ጋር አይቀላቀል።