የፎቶው ጀርባ

አያቴን አኮ እንላታለን፤ ነቀምቴ ውስጥ አማርኛ ስንናገርም ሌላ ስም የላትም። አኮ ፎቶዎቿን ለእንግዳ የምታወጣው ቡና ቀላ ከመቅረቡ በፊት ነበር። ቡና ቀላ፣ «የታረደ ቡና» እንደማለት፣ ፍሬው በቅቤ የሚቆላ ስለሆነ ጣት ያወዛል። ሕጉ የወጣው አንድ አጎቴ በሠርግ ፎቶ ላይ አውራ ጣቱን ካሳረፈ ወዲህ ነው። አሻራው እስከ ዛሬ የሙሽራዋ ቬሎ ላይ አለ፤ ቢጫ ሆኗል።

ፎቶዎቹ የሚኖሩት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ዳር ዳራቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች፣ ጉርድ ፎቶዎች፣ የጥምቀት ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ። ማን ከማን ጋር እንደቆመ ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ ቀኑ፣ ከተማው፣ ጊምቢ ይሁን ደምቢ ዶሎ ወይስ ነጆ። ያኔ በእኛ ቤት ሰው ፎቶ የሚነሳው ለራሱ አልነበረም። ሩቅ አገር ተመድቦ ለሄደ ወንድም ይላካል፣ «ለማስታወሻ ይሁንህ» ተብሎ። ስለዚህ ለእኔ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይበልጣል። ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ወረቀት በማቆየት ነቀምቴን የሚያማት የለም። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ጋር ስለ ወርቅና ስለ ግብር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች አልጠፉም። አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በመጽሐፍ አሳተሟቸው። ባለ ግቢ ግን ወረቀት ቢያስቀምጥ ምን ይገርማል?

የምትገርመኝ አስቴር ጋኖ ናት። በልጅነቷ ለባርነት የተዳረገች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ሊሸጧት በጀልባ ሲወስዷት የኢጣልያ መርከቦች አስጣሏት፤ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ሆና ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች በጽሑፍ አሰፈረች። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1904 ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ወደ ወለጋ መጣች። እናቷ ቤት የሰማችውን ከአፏ በስተቀር በምን ተሸክማ ልታመጣው ትችላለች? የወለጋ የመጀመሪያው የቤተሰብ አልበም የእሷ ነው ባይ ነኝ፣ አንድም ፎቶ ባይኖረውም።

የአኮ ቆርቆሮ በደርግ ጊዜ ጎተራ ገብቷል። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ከተወሰዱ፣ የወለጋ አብያተ ክርስቲያናቷም መታሸግ ከጀመሩ በኋላ፣ ከመዘምራን ጋር መታየት ያስፈራ ነበር። አኮ ነጆ ላይ ከተነሳው የመዘምራን ፎቶ የአንዱን ሰው ፊት በመቀስ ቆርጣ አወጣች። ማን እንደሆነ ብንጠይቃት «ጀርባውን እዩ» ከማለት አታልፍም ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከገበያ ያንን ላስቲክ ያለውን አልበም ገዝቼ መጣሁ፤ ገጹ ሙጫ የተቀባ፣ ላስቲኩ ተገልጦ ፎቶው የሚለጠፍበትን። ቆርቆሮውን ገልብጬ፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ በረድፍ በረድፍ አሳምሬ ለጠፍኩ። አኮ እንኳ ወደደችው። ጀርባውን ሁሉ በገዛ እጄ እንዳሸግሁት ያስተዋልኩት አኮ ካረፈች በኋላ፣ ልቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች «ይሄ ማነው?» ሲሉ ነው።

ሙጫው በዓመታት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በጥፍር ሲሞከር የፎቶው ቆዳ ይላጣል። በመጨረሻ የስፌት ክር ከፎቶው ሥር አስገብቼ፣ ወዲህና ወዲያ እያልኩ እንደ መጋዝ መሳብ ለመድኩ። ለአንዱ ፎቶ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

የመዘምራኑን ባለፈው ፋሲካ አነሳሁት። ጀርባው በሙጫ መስመር ተዥጎርጉሯል። «ከግራ ሁለተኛ» ይላል፣ ከዚያ ባዶ። ስሙን ፈልጌ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ አልበሙ ገጽ ላይ ግን ቀለሙ ተገልብጦ ታትሟል። ልጄን መስታወት አስመጣሁና ፊደል በፊደል ጮክ ብዬ አነበብኩት።

አዳዳ፣ የአባቴ እህት፣ ምድጃው ጋ ተቀምጣ ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«እሱማ ድምፁ ወፍራም ነበር» አለች፤ ቅቤውን ጨመረችና፣ «አልበሙን አንሱት፣ ቡናው ደርሷል።»