ስለ ግሪኮች ወጥ ቤትና ስለ እናቶቻችን ሙያ የተጻፈ አጭር ታሪክ



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ቀሪ ሂሳብ ብዙ ተጽፏል። ዘንድሮ ግን እኛ ስለ ምግብ እንጽፋለን። «ምግብና ዕድርን ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር፣ በለቅሶ ቤት ንፍሮ ቀምሶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ደግሞም ነገሩ የተነሣው ከለቅሶ ቤት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነባር አባሎቻችን አንዲት እናት ዐረፉ። ስማቸውን እዚህ አንጠቅስም፤ የሰፈሩ ሰው ያውቃቸዋል። እኒህ እናት በወጣትነታቸው ከአንድ የግሪክ ቤተሰብ ቤት ወጥ ቤት ሆነው ብዙ ዘመን አገልግለዋል። እኛ ልጆች ሳለን ጉንፋን ሲይዘን የሎሚ ሾርባ ሠርተው በጣሳ ይልኩልን ነበር። ነጭ ነው፤ ወፈር ይላል፤ ይኮመጥጣል። ወተት የገባበት ይመስላል እንጂ ጠብታ ወተት የለበትም። በሠልስታቸው ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ይኸው ሾርባ ተነሣና «አሠራሩን ማን ያውቃል?» ተባለ። ልጃቸው አቀረቀረች። «እማዬ ስትሠራ ሁልጊዜ አያለሁ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። በየቤታችን ያልጠየቅነው ብዙ ነገር ትዝ ሳይለን አልቀረም።

ከሴቶቹ መካከል አቴና ከተማ ብዙ ዓመት በቤት ሠራተኛነት ኖራ የተመለሰች አንዲት እህታችን ነበረች። እሷም «ይህን ሾርባ እነሱ አቭጎሌሞኖ ይሉታል፤ እንቁላልና ሎሚ ማለት ነው። የሚሠራበት መጽሐፍ እቤቴ አለ» አለች። ከዚያ ወዲህ የዕድራችን ወጥ ሠሪ እናቶችና እህቶች በወር አንድ እሑድ እየተሰበሰቡ ከዚያ መጽሐፍ ማብሰል ጀመሩ። እህታችን ግሪክኛውን እያነበበች በአማርኛ ትናገራለች፤ እነሱ ይሠራሉ፤ እኛ ደግሞ ዕድሜያችንን መዝገብ ስንይዝ የኖርን ሰዎች ስለሆንን በደብተር እንጽፋለን። መቅመሱም አልቀረብንም።

እንግዲህ ወደ ወጥ ቤቱ ከመግባታችን በፊት፣ ግሪኮች ከየት መጥተው ጎረቤቶቻችን እንደሆኑ ጥቂት ማለት ይገባናል።

ከግሪኮች ጋር ያለን ትውውቅ የትናንት አይደለም። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ በጽርዕ ፊደል ያስጽፉ ነበር፤ ጽርዕ የምንለው ግሪክኛውን ነው። በአራተኛው ምዕት ዓመት ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ በእስክንድርያው አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሾሞ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተባለልን። የአዲስ አበባ ግሪኮችም ቤተ ክርስቲያናቸውን በዚሁ በቅዱስ ፍሬምናጦስ ስም ሰይመዋል። ስለዚህ በአንድ በኩል የአንድ አባት ልጆች ነን ማለት ነው።

በአዲሱ ዘመን ደግሞ ብዙ ግሪኮች የመጡት በምድር ባቡሩ ሥራ ምክንያት ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ መዘርጋት የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ነው። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917፣ ማለትም በእኛ በ1909 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ገባ። ከሐዲድ ሠራተኞቹ መካከል ብዙ ግሪኮች ነበሩ። ሥራው እየተጠናቀቀ ሲሄድ አንዳንዱ በድሬዳዋ፣ አንዳንዱ በአዲስ አበባ ቀረ። ሱቅ የከፈተ፣ ዳቦ የጋገረ፣ ሆቴል ያቆመ ሞልቷል። ትምህርት ቤትም ክበብም አቋቋሙ። ኦሎምፒያኮስ የሚባለውን ክበባቸውን በከተማችን የማያውቅ ጥቂት ነው።

በ1967 ዓ.ም. በጥር ወር ትልልቅ ፋብሪካዎችና ድርጅቶች፣ በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በመንግሥት ሲወረሱ፣ ከግሪኮቹ ብዙዎቹ አገር ለቀው ሄዱ። ዕቃቸውን የቻሉትን ያህል ጭነዋል። የወጥ ቤታቸው ሙያ ግን በከፊል እዚሁ ቀረ። የቀረውም ምድጃቸው ላይ በቆሙት በእኛ እናቶች እጅ ነው። ያም እጅ አንድ በአንድ እያረፈ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። በግሪክ አገር ኒኮላዎስ ጸሌሜንቴስ የሚባል ስመ ጥር ወጥ ሠሪ ነበረ። የተወለደው በፈረንጆች በ1878 ሲሆን የሞተው በ1958 ነው። ስለ ምግብ አሠራር በመጽሔትም በመጽሐፍም ጻፈ። መጽሐፉ በየቤቱ ከመግባቱ የተነሣ ዛሬ በግሪክኛ የምግብ መጽሐፍ ለማለት «ጸሌሜንቴስ» ማለት ይበቃል። የእህታችንም መጽሐፍ የዚሁ ሰው ነው፤ አሠሪዋ የነበሩት አሮጊት የሰጧት ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል፤ ዘይትም ጠግቧል።

ነገር ግን ይህን ሰው የሚያመሰግኑት ብቻ አይደሉም። የፈረንሳይ ወጥ ቤት የሚያደንቅ ሰው ስለነበረ፣ የአገሩን ምግብ ቅመሙንና ዘይቱን ቀነሰበት፣ ነጭ መረቅ ጨመረበት እያሉ የሚወቅሱት የአገሩ ሰዎች አሉ። ሙሳካ በሚባለው የደበርጃንና የተፈጨ ሥጋ ምግብ ላይ ከወተት፣ ከቅቤና ከዱቄት የሚሠራውን ነጭ መረቅ ያስለመደው እሱ ነው ይላሉ። ይህን ነገር አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን። ጸሐፊ ሙያን ያቆያል፤ ካልተጠነቀቀ ደግሞ ይለውጠዋል።

የመጀመሪያው እሑድ ሾርባው ተሞከረ። የዶሮ መረቅ ከትንሽ ሩዝ ጋር ተቀቀለ። ሦስት እንቁላል ከሎሚ ጭማቂ ጋር ተመታ። ከሴቶቹ አንዷ ችኩል ነበረችና እንቁላሉን አንድ ጊዜ ከሚፈላው ድስት ውስጥ ገለበጠችው። ወዲያው ተቋጠረ፤ ሾርባው ፍርፍር ሆነ። ሳቁ አይነገርም። ለካስ ነገሩ ተቃራኒው ኖሯል። ድስቱ ከእሳት ይወርዳል፤ ትኩሱ መረቅ በጭልፋ ጥቂት በጥቂት በእንቁላሉ ላይ እየፈሰሰ ይመታል፤ እንቁላሉ ሙቀቱን ሲለምድ ነው ወደ ድስቱ የሚመለሰው። በሁለተኛው ጊዜ ተሳካ። የሟቿ ልጅ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ወደ ጓሮ ወጣች። ማንም አልተከተላትም።

በጾም ጊዜ የተሠራው ፋቫ ነው። ብጫ ክክ በውኃ ይቀቀላል፤ እስኪላቁጥ ይማሰላል፤ ከላይ ጥሬ ሽንኩርት፣ ሎሚና የወይራ ዘይት ይደረግበታል። «ይሄማ እርድ የረሳ አልጫ ክክ ነው» ተባለ። በሳንቶሪኒ ደሴት ደግሞ ፋቫ የሚሠሩበት እህል የጓያችን የቅርብ ዘመድ ነው። ዘይቱን በሚመለከት ግን እንጦጦን ሽቅብ እያየን ተገረምን። ወይራ እኛም አገር አለ። እኛ በጢሱ ጋንና የወተት ዕቃ እናጥናለን፤ እነሱ የዛፉን ወገን ከፍሬው ዘይት ይጨምቃሉ። የወይራ ዘይት ዋጋው ስለማይቀመስ እኛ በኑግ ዘይት ሞከርነው፤ ኑጉ ጣዕሙ ይበረታልና ክኩን ዋጠው። በደብተራችንም «ኑግ አይሆንም» ተብሎ ተመዝግቧል።

የጾሙ ሥርዓት ብዙ አከራከረ። ግሪኮች እንደ እኛ በዐቢይ ጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበሉም። ነገር ግን ደም የለውም ብለው የባሕር ሸርጣንና ይህን የመሳሰለውን ይበላሉ። በአንፃሩ አጥብቀው በሚጾሙባቸው ቀኖች የወይራ ዘይት እንኳ ይተዋሉ። አንዲት እናታችን ይህን ሲሰሙ «ሸርጣን በልቶ ዘይት መተው ምን ዓይነት ጾም ነው?» ብለው አማተቡ። እህታችንም «እነሱ ደግሞ እኛ ሃምሳ አምስት ቀን መጾማችንን ስነግራቸው ያማትቡ ነበር» ብላ መለሰች። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ኮሊቫ ነው። ኮሊቫ ሰው ሲሞት የሚቀርብ የተቀቀለ ስንዴ ነው። ስንዴው ተቀቅሎ ይጠነፈፋል፤ ዘቢብ፣ ለውዝ፣ ቀረፋና የሮማን ፍሬ ይገባበታል፤ ከላይ ስኳር ተነስንሶ የመስቀል ምልክት ይሠራበታል። በሦስተኛው፣ በዘጠነኛውና በአርባኛው ቀን፣ በሙት ዓመትም ቤተ ክርስቲያን ተባርኮ ለሰው ይታደላል። የተቀበለውም እግዚአብሔር ይቅር ይበለው ይላል፤ የእኛ «ነፍስ ይማር» ማለት ነው። ይህ ሲነበብ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና «ንፍሮ!» አሉ ባንድ ድምፅ። የእኛ ከባቄላና ከሽምብራ ጋር ተቀቅሎ በጨው ይበላል፤ የእነሱ ይጣፍጣል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። የዚህም ምክንያቱ አንድ ነው። የስንዴ ቅንጣት መሬት ገብታ ካልሞተች ፍሬ እንደማትሰጥ በወንጌል የተነገረውን ሁለቱም ሕዝቦች ያውቁታል።

እህታችን ያን ጊዜ አንድ ነገር አጫወተችን። አቴና በገባች በሁለተኛው ዓመት እናቷ እዚህ ጉለሌ ዐረፉ። ወረቀቷ አልተስተካከለምና ለቀብር መምጣት አልቻለችም። ለቅሶ የሚደርሳት ዘመድም አልነበራትም። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት ግሪካዊት አርባ ሆነና አሠሪዋ ይዘዋት ሄዱ። በበሩ ላይ አንዲት ሴት ትንሽ የወረቀት ከረጢት በመዳፏ አኖረችላት። ስትከፍተው የተቀቀለ ስንዴ ሆኖ አገኘችው። «እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ የእናቴን ንፍሮ በላሁ» አለችን። እኛም ብዕራችንን አስቀመጥን፤ ይህ በደብተር የሚጻፍ አልመሰለንም። ኋላ ግን እሷው ራሷ «ይጻፍ» ስላለች ይኸው ጻፍነው።

እዚሁ ጉለሌ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በኩል፣ ከሩቅ አገር መጥተው በእኛ አፈር ያረፉ ሰዎች መካነ መቃብር አለ። በዚያ ስናልፍ እንግዲህ አንድ ነገር እናስታውስ፦ ከባሕር ማዶም ስንዴ ቀቅሎ ሙታኑን የሚያስብ ሕዝብ አለ።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ከሰፈራችን በላይ በእንጦጦ ማርያም፣ በፈረንጆች በ1887፣ እቴጌ ጣይቱ ታላቅ ግብር አብልተዋል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በታሪክ መጽሐፋቸው ጽፈውልናል። ግብሩ በታሪክ ገባ፤ ወጡን የሠሩት ሴቶች ልክና መጠን ግን በእጃቸው እንዳለ አብሯቸው ዐፈር ገባ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

እኛም ደብተራችንን ብንቆጥር አሥራ አራት የግሪክ ምግብ ጽፈን አገኘን። የእናቶቻችን ግን አንድም የለ! የሰው አገር ሙያ በጥንቃቄ መዝግበን የራሳችንን ረስተናል። የዕድራችን ንፍሮ ለሁለት መቶ ሰው ስንት ቁና ስንዴ እንደሚፈጅ፣ ባቄላው መቼ እንደሚገባ፣ ሽሮው በትልቅ በርሜል ሲሠራ እንዳይጓጉል ምን እንደሚደረግ የሚያውቁት አራት ወይም አምስት እናቶች ብቻ ናቸው። ዕድራችን ሰው ይቀብራል እንጂ ሙያ መቅበር የለበትም።

ስለዚህ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ሥራውን ጀምረናል። እስካሁን ሦስት ተጽፏል፤ ንፍሮው፣ የበርሜሉ ሽሮና ድፍን ምስር ወጥ ናቸው። ስንጽፍም የጸሌሜንቴስን ወቀሳ አልረሳንም። እናቶች «ጨው እንደ እጅ ነው» ሲሉ በግራም አንለውጥባቸውም፤ መጀመሪያ ያሉትን እንጽፋለን፣ ከዚያ በሚዛን ለክተን ከጎኑ እናስቀምጣለን። ከራሳችን የምናሳምርበት ነገር የለም።

በመጨረሻ ስለዚያ ሾርባ። በእናታችን ሙት ዓመት ልጃቸው ራሷ ሠርታ አቀረበች። ታላቅ ወንድሟ ቀመሰና ጥቂት አሰበ፤ ቀጥሎ «የእማዬ ሎሚው ይበዛ ነበር» አለ። እውነቱን ነው፤ እኛም ያን ጊዜ ትዝ አለን። ደብተሩ መጣና ሁለት ሎሚ የሚለው ተሰርዞ ሦስት ተባለ፤ ከጎኑም «እንደ እናታችን አሠራር» ተብሎ ተጻፈ። ከመጽሐፉ አንድ ሎሚ ተለየ ማለት ነው።

እንግዲህ በየቤታችሁ እናት ወይም አያት ያላችሁ ሁሉ፣ ሳይመሽ ጠይቁ። መጻፍ ለሚያስቸግራችሁ እኛ ብዕርና ደብተር ይዘን እንመጣለን፤ ክፍያው አንድ ስኒ ቡና ነው። ላረፉት ነፍስ ይማር፤ ላለነውም ዕድሜ ከጤና ይስጠን።