ፕሮግራመር ከማን ይማራል? ከፎቶ ኮፒ እስከ ቻትጂፒቲ

በኮምፒውተር ዓለም እንደ ጆን ላየንስ መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ጽሑፍ ብዙ አይገኝም። ላየንስ በአውስትራሊያ ሲድኒ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የዩኒክስን ዋና ኮድ፣ ወደ 9,000 መስመር የሚጠጋውን፣ በአንድ ጥራዝ አሳትመው በሌላው ጥራዝ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ አብራሩ። ተማሪው እውነተኛ ሥራ ላይ ያለ ስርዓተ ክወና ከውስጥ ምን እንደሚመስል በዓይኑ እንዲያይ ነው የፈለጉት። ሞተር ተፈቶ ሳያይ መካኒክ የሆነ ማን አለ?

የዩኒክስ ባለቤት ኤቲ ኤንድ ቲ ግን ነገሩን አልወደደውም። በ1979 ከወጣው እትም ጀምሮ ኮዱ በክፍል ውስጥ ማስተማሪያ እንዳይሆን በፈቃድ ውሉ ላይ አሰፈረ። ክልከላው መጽሐፉን አላጠፋውም፤ ከእጅ ወደ እጅ አስኬደው። ቅጂው ተቀዳ፣ የቅጂውም ቅጂ ተቀዳ፣ ፊደሉ እየደበዘዘ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ዞረ። አንድ ትውልድ ፕሮግራመር ሙያውን የተማረው ሊኖረው ከማይገባው ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። መጽሐፉ በሕጋዊ መንገድ ለሽያጭ የበቃው በ1996፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ክልከላው ሌላም ያልታሰበ ውጤት ነበረው። በአምስተርዳም የሚያስተምሩት አንድሪው ታነንባም ዩኒክስን ማስተማር ሲከለከሉ ሚኒክስ የተባለ የራሳቸውን ትንሽ ስርዓተ ክወና ከባዶ ጽፈው በ1987 አወጡ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ደግሞ በሚኒክስ ላይ እየሠራ ሳለ የራሱን ጀመረ። ነሐሴ 1991 ዩዝኔት በሚባለው የውይይት መረብ ላይ ለሚኒክስ ተጠቃሚዎች መልእክት ለጠፈ፤ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን ገልጾ፣ ከሚኒክስ ምን እንደሚወዱና ምን እንደሚጠሉ ጠየቃቸው። ዛሬ በእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው ሊኑክስ ለዓለም የተዋወቀው እንዲህ፣ በአደባባይ በተጣለ ጥያቄ ነው።

ዩዝኔትን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1979 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች አሰቡት፣ በ1980 ሥራ ጀመረ። ኮምፒውተሮቹ ብዙውን ጊዜ የስልክ ታሪፍ በሚረክስበት ሌሊት እርስ በርስ እየተደዋወሉ የቀኑን መልእክት ይቀባበሉ ነበር። ዛሬ የተጠየቀ ጥያቄ መልሱ ከነገ ወዲያ ቢደርስ ማንም አያማርርም። ትልቁ ነገር ግን ፍጥነቱ አልነበረም። ለአንድ ሰው የተሰጠ መልስ በሺህ የሚቆጠር ዝምተኛ አንባቢ ነበረው። አዲስ መጪ ሁሉ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመ ሲያሰለቻቸው፣ ነባሮቹ ተደጋጋሚ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው አሰባስበው ይለጥፉ ጀመር። በየድረ ገጹ የምናየው «ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች» የሚለው ዝርዝር የተስፋፋው በዚህ ልማድ ነው።

ከዚያ ድር መጣ፣ ነጋዴም አብሮ መጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስህተቱን ጎግል ላይ የፈለገ ፕሮግራመር ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ጥያቄውን አሳይቶ መልሱን ከክፍያ በር ጀርባ የሚደብቅ ገጽ ነበር። ስታክ ኦቨርፍሎው መስከረም 2008 ሲከፈት ያሸነፈው በዚህ ምሬት ነው። ጆል ስፖልስኪና ጄፍ አትዉድ የሠሩት ቤት መልሱን ለሁሉም ክፍት አደረገ፤ የተጻፈውን ማንም ምንጩን ጠቅሶ እንዲጠቀምበት ፈቀደ፤ ማኅደሩንም በየጊዜው እንዳለ ለማውረድ አቀረበ።

ከዚያ በኋላ የፕሮግራመር ውሎ ተለወጠ። ጠዋት ኮዱን ያስኬዳል፣ ቀይ ጽሑፍ ይመጣበታል፣ ጽሑፉን ገልብጦ ጎግል ላይ ይለጥፋል። ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ አገር ያለ የማያውቀው ሰው በዚያው ስህተት ተጨንቆ ጠይቋል፤ ሌላ የማያውቀው ሰው መልሷል። የመጀመሪያው መልስ አይሠራም፣ ሁለተኛው ይሠራል፣ ከሥሩ ያለው አስተያየት ደግሞ ለምን እንደሚሠራ ይነግረዋል። እውነተኛው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያ ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው።

ቤቱ ጸባየ ሸጋ አልነበረም። ጀማሪ ሲጠይቅ «ይህ ተጠይቋል» ተብሎ ይዘጋበታል፣ ነጥቡ ይቀነስበታል፤ ኩባንያው ራሱ በ2018 ለአዳዲስ ሰዎች ምቹ እንዳልሆነ በይፋ አምኗል። እንግሊዝኛው ያልጠራ ወጣት ደግሞ ዕጥፍ ይሸማቀቅ ነበር። የጣቢያው የፖርቱጋልኛ፣ የሩሲያኛ፣ የስፓኒሽና የጃፓንኛ ቅጂ ወጥቷል፤ የአማርኛ ግን አልወጣም።

እንዲህም ሆኖ የተከፈተ ማኅደር ትርጉሙ የሚታየው በክፉ ቀን ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ ለፕሮግራመር የተዘጋው መዝናኛው ብቻ አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም አብረው ነው የተዘጉት። የስታክ ኦቨርፍሎውን ጥያቄና መልስ አስቀድሞ በሃርድ ዲስክ ያስቀመጠ ሰው ግን ያለ መስመርም ፈልጎ ማንበብ ይችል ነበር። ለዚሁ የተሠራ ኪዊክስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ።

ኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ መጣ። ማሽኑ አይሳደብም፣ «ይህ ተጠይቋል» አይልም፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛም በአማርኛም ቢጠይቁት ይመልሳል። ጠያቂው ወደዚያ ቢሄድ የሚፈረድበት አይደለም። ቀድሞውንም መቀዛቀዝ ጀምሮ የነበረው የስታክ ኦቨርፍሎው የጥያቄ ብዛት ከዚያ ወዲህ ቁልቁል ወረደ።

ግን ማሽኑ ከየት ተማረ? የሜታ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ2023 ላማ የተባለውን ሞዴል ሲያወጡ፣ ካሠለጠኑበት ጽሑፍ አንዱ የስታክ ኦቨርፍሎውና የእህት ጣቢያዎቹ ጥያቄና መልስ መሆኑን ራሳቸው ጽፈዋል። ግንቦት 2024 ስታክ ኦቨርፍሎው ከኦፕንኤአይ ጋር ስምምነት ሲያስታውቅ የተቆጡ መላሾች የገዛ ጽሑፋቸውን መሰረዝ ጀመሩ፤ ጣቢያው መልሶቹን መልሶ አንዳንዶቹን አገደ። በነጻ የሰጡት ዕውቀት ነው። የከፋቸው ሌላው ስለ ተጠቀመበት ብቻ ሳይሆን ቀጣዩ ጥያቄ ወደ አደባባዩ ስለማይመለስ ጭምር ነው። ለማሽን የቀረበ ጥያቄ ጠያቂው ብቻ የሚያየው ነው፤ ስህተቱን የሚያርም ሦስተኛ ሰው ከሥሩ አስተያየት አይጽፍበትም። ነገ የሚወጣው አዲስ የፕሮግራም ቋንቋስ ጥያቄና መልሱ የት ይጠራቀማል?

ለአማርኛ ተናጋሪው ጉዳዩ ይከብዳል፤ ገና ያልተጠራቀመ ነገር ነውና። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ኮርስና ሰርተፍኬት ይሰጣል። ሰርተፍኬቱን የያዘው ወጣት ኮዱ እምቢ ሲለው የሚሄደው ወይ ወደ ማሽኑ ነው፣ ወይ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ። በግሩፑ ውስጥ ደግ ሰው አይጠፋም፤ በእኩለ ሌሊት የስክሪን ፎቶ አይቶ፣ በድምፅ መልእክት አሥር ደቂቃ የሚያስረዳ አለ። ያ ድምፅ ግን በጎግል አይፈለግም። በማግስቱ መቶ መልእክት ይከመርበታል፤ በሳምንቱ ሌላ ልጅ ያንኑ ስህተት ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ ያም ሰው ካልሰለቸ እንደገና ከመጀመሪያው ያስረዳል።